እሱ የጻፈው መግለጫ

ቢሯችን መገናኛ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የአንድ ባለ ፎቅ ቤት ምድር ወለል ላይ ነበር። ላይ አከራዮቹ ይኖራሉ፤ ታች እኛ ነን። እኛ ማለት አንድ ትንሽ ተቃዋሚ ፓርቲ ማለት ነው፤ ስሙን ብጠራው አብዛኛው ሰው አያስታውሰውም። ክረምት ሲሆን ከግቢው ውሃ ስለሚገባ በራሪ ወረቀቶቻችንን ወንበር ላይ እንቆልልና እኛ ቆመን እንሠራ ነበር።

እኔ ሕዝብ ግንኙነት ነበርኩ። ሲጠሩት ትልቅ ሥራ ይመስላል። ሥራው ግን መግለጫ መጻፍ፣ የቴሌግራም ቻናላችንን መከታተልና ጋዜጠኛ ሲደውል "ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው" ማለት ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ፍለጋ ብዙ ከዞርኩ በኋላ ነው የገባሁት። ቤተሰቦቼ ቦሌ ቡልቡላ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራሉ። አባቴ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ከሆሳዕና በወጣትነቱ መጥቶ ከማንም ሳይጣላ ሠርቶ የኖረ ሰው ስለሆነ ፖለቲካ የሚለውን ቃል ራሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠራው። እሑድ ከቸርች ስንመለስ "ሌላ እስክታገኚ ነው አይደል?" ይለኛል። "አዎ አባዬ" እለዋለሁ። እኔ ግን ሌላ መፈለግ ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ያቆምኩት ሥራውን ስለወደድኩት ነው። ሥራውን የወደድኩት ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግማሹ በእሱ ምክንያት ነው።

እሱ አደራጅ ነበር። ቤተሰቦቹ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ አባቱ መገናኛ ላይ መጋረጃና አንሶላ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። እሱ በልጅነቱ እዚያ ሱቅ ውስጥ ስላደገ አካባቢው ላይ የማያውቀው ሰው የለም። የታክሲ ተራ አስከባሪዎቹ ያቅፉታል፣ ጫማ የሚሸጡት ሴቶች ያፌዙበታል፣ ሹፌሮቹ አስር ጊዜ ክላክስ ያደርጉለታል። ከእሱ ጋር መገናኛን ማቋረጥ ሰርግ ቤት ውስጥ እንደመሄድ ነው፤ በየእርምጃው ሰላምታ አለ። መጻፍ ግን አይችልም ነበር። አንድ ቀን የስብሰባ ጥሪ ጽፎ ሰጠኝ፤ አንብቤ ሳቅሁበት።

"ምን ያስቅሻል?" አለኝ።

"ኮምፒውተር የጻፈው ይመስላል። ለማን ነው የጻፍከው?"

"ለሕዝብ ነዋ።"

"ሕዝብ የሚባል ሰው አታውቅም። ለአንድ ለምታውቀው ሰው ጻፍ። ለቲቸር ጻፍ። ቲቸር ቢያነቡት ይገባቸዋል? ያምኑታል?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ነገር ሲጽፍ ቲቸርን እያሰበ ይጽፍ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከእኔ እኩል መጻፍ ቻለ።

ቲቸር ዕጩአችን ነበሩ። ከቢሯችን ብዙም በማይርቅ አሮጌ ሰፈር ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም፤ ያላቸው አዳማ የምትኖር አንዲት እህት ብቻ ነች። ሰፈሩ በሙሉ፣ ሽማግሌውም ሳይቀር፣ ቲቸር ነው የሚላቸው። ለምን ከእኛ ጋር እንደገቡ ስጠይቃቸው፣ "ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የሚሰማኝ ሰው አጣሁ" ብለው ሳቁ። ምሳ የምንበላው እሳቸው ቤት ነበር። ፓስታውን አብዝተው ስለሚቀቅሉት በሹካ አይያዝም፤ በእንጀራ ጠቅልለን እንበላዋለን። ጓሮ ካለው የዘይቱን ዛፍ ሥር ተቀምጠን፣ እሳቸው የእኔን መግለጫ በቀይ እስክሪብቶ ያርሙልኛል። አራት ነጥብ የረሳሁበትን ሲያዩ ቀና ብለው ዝም ብለው ያዩኛል። ያ ዝምታ ከቁጣ ይከብደኝ ነበር።

በምርጫ ቅስቀሳው ጊዜ አንድ ከሰዓት በኋላ ድምፅ ማጉያ የተጫነባት ሚኒባስ ይዘን ቦሌ ለሚ ሄድን፤ የፋብሪካ ሠራተኞች ከሥራ የሚወጡበት ሰዓት ነበር። ሴቶቹ ልጆች ተያይዘው ሲወጡ ሙዚቃውን ከፈትን፣ በራሪ ወረቀት አደልን፣ ቲቸር ማይክራፎን ይዘው ስለ ቤት ኪራይና ስለ ትራንስፖርት ተናገሩ። ልጆቹ ደክሟቸዋል፤ ግን ቆመው ሰሟቸው። ቲቸር ይህን ሲያዩ ማይክራፎኑን ለእሱ አቀበሉትና መሃላቸው ገብተው ማን የት እንደምትኖር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሆነው እንደሚያድሩ፣ የማን እናት እንደታመመች ይጠይቁ ጀመር። ከመካከላቸው አንዷ ቀጭን ልጅ፣ ፀጉሯ ላይ የጨርቅ ብናኝ እንዳለ፣ "እማማ፣ እኛ እኮ የዚህ መታወቂያ የለንም። አንመርጥም" አለቻቸው።

ስንመለስ እሱ የተረፉትን በራሪ ወረቀቶች ጭኑ ላይ ደጋግሞ ያስተካክል ነበር። አደራጁ እሱ ስለሆነ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ ቲቸር ከፊት ወንበር ሳይዞሩ፣ "ቢሆንም ጠየቅናቸው። ጠይቋቸው የሚያውቅ ያለ አልመሰለኝም" አሉ። እሱ መሳቅ ጀመረ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ሹፌሩም ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ እጄ እጁ ውስጥ ነበር። ሁለታችንም እንዴት እዚያ እንደደረሰ እንደማናውቅ ሆነን ወደ መስኮቱ እያየን እስከ መገናኛ ድረስ አልተላቀቅንም።

እንግዲህ እኔ የጴንጤ ልጅ ነኝ፣ እሱ ሙስሊም ነው። ማንም ሳይነግረን የሚመጣብንን እናውቅ ነበር። እሑድ እሑድ እኔ ከመዘምራን ጋር ሳገለግል እሱ ከቸርቹ ማዶ ካለ ካፌ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ረመዳን ሲሆን እኔ ምሳዬን ከእሱ ፊት አልበላም፤ "ብይ እንጂ፣ የምጾመው እኔ ነኝ" ይለኛል። ማፍጠሪያው ሲደርስ አንድ ጁስ ቤት ገብተን ስፕሪስ እንጠጣለን። እዚያ ተቀምጠን ለአባቴ ምን እንደምንል፣ ለእናቱ ምን እንደምንል እንለማመዳለን። እሱ አባቴን ይሆናል፣ እኔ እናቱን እሆናለሁ። የወሎ አነጋገር እየኮረጅኩ "ልጄን ምን አስነክተሽው ነው?" ስለው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይስቃል። ለሁሉም ጥያቄ መልስ አዘጋጅተን ነበር። ከምርጫው በኋላ ለቤተሰብ እንናገራለን ተባባልን። የሚለየን ነገር ካለ ሃይማኖቱ እንደሆነ እርግጠኛ ስለነበርን ሌላ አቅጣጫ አላየንም።

ምርጫውን ተሸነፍን። በጣም ተሸነፍን። ውጤቱ ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ ቲቸር ጃንጥላ ይዘው ቀረብ ብለው አነበቡና፣ "ያስተማርኳቸው ልጆች ብቻ ቢመርጡኝ እንኳ አሸንፍ ነበር" አሉ። ፈገግ ብለው ነው የተናገሩት። ግን ወደ ቤታቸው ስንሸኛቸው መንገድ ላይ ሰላም የሚሏቸውን ሰዎች እያንዳንዳቸውን ትኩር ብለው ሲያዩ አስተዋልኩ። እሱም አስተውሎ ኖሯል፤ ክንዳቸውን ያዝ አደረገ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተበተነ። ሊቀ መንበራችን በከተማው አስተዳደር ሹመት ተሰጣቸውና ተቀበሉ። ቢሮው ተዘጋ፤ ወንበሮቹን አከራዮቹ ወሰዷቸው። ሊቀ መንበሩ ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤታቸው አንድ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ይዘው መግባት ይችሉ ነበር፤ የጠሩት እሱን ነው። ሰው ያውቃል፣ አሁን ደግሞ ይጽፋል። እሱ መጀመሪያ የመጣው ወደ እኔ ነው።

"ልግባ?" አለኝ።

የአባቱ ሱቅ እንደ ድሮው አልነበረም። እኛም ቤት የምንከራይበት፣ ቤተሰብ ፊት የምንቆምበት ነገር ያስፈልገን ነበር። "ግባ" አልኩት። ከልቤ ነበር። እኔ ቦሌ መንገድ ላይ ካለ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ገባሁና ስለ ሳሙናና ስለ ብስኩት መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ደህና ነበሩ። ሸሚዝና ሱፍ መልበስ ጀመረ፣ መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ እኔ ደግሞ "ክቡርነትዎ" እያልኩ አሾፍበታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቲቸር ጋ ሄደን ፓስታቸውን እንበላለን።

አንድ ቅዳሜ ስንደርስ የቲቸር የግቢ በር ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። የጎረቤቶቹም በሮች እንደዚያው። ሰፈሩ ለልማት ሊነሳ ነው።

ነዋሪዎቹ የዘይቱኑ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ልማቱን እንቃወም ያለ አልነበረም። ክረምቱ እስኪያልፍ፣ ልጆች ፈተና እስኪጨርሱ ይጠብቁን፤ ምትክ ቤቱንም ዕድራችን ሳይበተን በአንድ አካባቢ ይስጡን ነው ያሉት። ይህን ጽፌ እንዳወጣላቸው ለመኑኝ። እሱ ያን ቀን ከእኔ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ሰዎቹ ሲናገሩ አንገቱን ደፍቶ መታወቂያውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተ። እኔ ጻፍኩት። ቲቸር አረሙት። ፌስቡክ ላይ ወጣ፣ ሰው ተቀባበለው፣ አንድ ሬዲዮም አነበበው።

በሳምንቱ መካከል በምሳ ሰዓት ደወለልኝና ከመሥሪያ ቤቴ ሥር ካለው ካፌ ተገናኘን። የቀረበለትን ማኪያቶ አልነካውም።

"ነገ የሚወጣ መልስ አለ። ከእኛ መሥሪያ ቤት ነው። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው፤ የምጽፈው እኔ ነኝ።"

"ምን ብለህ ነው የምትጽፈው?"

"ውይይት ተደርጓል፣ መግባባት ላይ ተደርሷል፣ ምትክ ተዘጋጅቷል። ሌላ ምን እላለሁ?"

"አንተ እኮ ነበርክ። ተቀምጠህ ሰምተሃል። መቼ ነው የተወያዩት?"

"አውቃለሁ።"

"አልጽፍም በላቸው።"

"እኔ ካልጻፍኩት አጠገቤ ያለው ይጽፈዋል። እሱ ቲቸርን አያውቃቸውም። 'የተሸናፊ ፓርቲ ርዝራዥ' ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ረቂቁን አይቼዋለሁ። ስማቸውን ሊጠራ ነበር። እኔ ስለያዝኩት ነው ያ ሁሉ የተሰረዘው።" ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ጨመረ፦ "'ነዋሪዎቹ በደስታ ተቀብለውታል' ይል ነበር። 'በደስታ' የሚለውን የሰረዝኩት እኔ ነኝ።"

ይህን ሲለኝ ያየኝ አስተያየት እስከዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ጎበዝ እንድለው ይጠብቅ ነበር። ያቺን አንዲት ቃል ለማስወጣት ምን ያህል እንደተከራከረ፣ ከአለቃው ፊት እንዴት እንደቆመ ከፊቱ ይታያል። እኔም ገብቶኛል። ግን ጎበዝ ማለት አልቻልኩም፤ መሳደብም አልቻልኩም። "ሰዓት ደርሷል" ብዬ ተነሳሁ።

መግለጫው በማግስቱ ወጣ። ሁለት አንቀጽ ነው። ንጹሕ አማርኛ፣ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ የትም ቦታ አራት ነጥብ አልተረሳም። ከሥራ ወጥቼ ቲቸር ጋ ስሄድ ጎረቤት ነግሯቸው ቆዩኝ። መነጽራቸው ስለተሰበረ ከስልኬ ላይ አነበብኩላቸው። ስጨርስ፣ "እሱ ነው የጻፈው አይደል?" አሉኝ።

"እንዴት አወቁ?"

"ስድብ የለበትም።"

ማልቀስ ጀመርኩ። እጃቸውን ጀርባዬ ላይ አድርገው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"አልተቀየምኩትም ብልሽ ውሸት ነው" አሉኝ። "ተቀይሜዋለሁ። እንደ ልጄ ስለማየው ከሌላው ይበልጥ ነው የተቀየምኩት። ግን የእኔን ቂም አንቺ አትያዢልኝ። የእኔ ይበቃኛል።"

ቤቱ የተነሳው ክረምቱ ሳያልፍ ነው። ቲቸር የተሰጣቸው ምትክ ቤት ከከተማው ዳር፣ የሚያውቁት አንድ ሰው የሌለበት ቦታ ስለነበር እህታቸው ጋ አዳማ ለመሄድ ወሰኑ። ዕቃቸው በሚጫንበት ቀን የሰፈሩ ሰው ሁሉ የራሱን ዕቃ እያወጣ ስለነበር የሚረዳ አልነበረም። እኔ የወንድሜን ጓደኞች ይዤ ሄጄ አይሱዙው ላይ ስንጭን ከኋላዬ ሰው ሲመጣ ተሰማኝ። እሱ ነው። ከቢሮ ነው የመጣው፤ የሱፍ ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ የቁም ሳጥኑን አንድ ጎን ያዘ።

ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። አልጋውን፣ የመጻሕፍት ካርቶኖቹን፣ እዚያ ግቢ የበላንበትን ጠረጴዛ ጫነ። አንድ ጎረቤት ሽማግሌ ሲሠራ አይተውት፣ "የእሳቸው ልጅ ነህ እንዴ?" አሉት።

"ተማሪያቸው ነበርኩ" አላቸው።

አንድም ቀን እሳቸው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም፤ ግን ቲቸር ሰምተው አላረሙትም። ጨርሰን ሲወጡ እኔን አቅፈው ሳሙኝ። ከዚያ እሱ ፊት ቆሙ። አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት። ጉንጩን ሳሙት። ምንም አላሉትም። አንድ ነገር ቢሉት ይሻለው ነበር መሰለኝ። ጋቢና ገብተው መኪናው ሲነሳ ወደ ኋላ አልዞሩም።

እኔና እሱ በእግራችን ወደ መገናኛ ሄድን። ጫማው ጭቃ ለብሶ፣ ኮቱን ክንዱ ላይ ይዞ ነው። የሚያውቁት ሰዎች ሰላም ሲሉት እጁን ብቻ ያነሳል። ታክሲ ተራው ጋ ስንደርስ ሰልፉ ውስጥ አልገባንም፤ ዳር ቆምን።

"አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?" አለኝ።

"አላውቅም።"

"ልልቀቅ? ነገ እለቃለሁ፣ አንቺ ካልሽ።"

"እኔ ስላልኩ ከለቀቅክ ስንቸገር ዕድሜ ልካችንን በእኔ ታሳብባለህ።"

"እሺ ምን ላድርግ?"

ያን ጊዜ የነገርኩትን አስቤበት አልነበረም፤ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ቆየኝ። "ተጋብተን ከሥራ ስትመጣ ዛሬ ምን ጻፍክ ብዬ መጠየቅ እፈራለሁ" አልኩት።

"አትጠይቂኛ።"

"ባል የማገባው እኮ ልጠይቀው ነው።"

ኮቱን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያ፣ "ለእናቴ ነግሬያታለሁ" አለኝ። "ስለ አንቺ። ባለፈው ሳምንት።"

"ምን አሉህ?"

"አለቀሰች። ከዚያ መቼ ነው የምታመጣት አለችኝ።"

ከሁሉም በላይ የጎዳኝ ይህ ነው። ያን ሁሉ መልስ ያዘጋጀንለት ፈተና፣ እኔ የወሎ ሴት ሆኜ እየኮረጅኩ የሳቅንበት፣ ሲደርስ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ አለፈ። እናቱ ሊቀበሉኝ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አቅፌው አለቀስኩ፤ እሱም አለቀሰ። ሰልፉ ላይ ያሉት ሰዎች መርዶ የተረዳን መስሏቸው ሳይሆን አይቀርም፤ አንዲት ሴትዮ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። ታክሲው ውስጥ ገባሁ።

ለተወሰነ ጊዜ ይደውልልኝ ነበር። አነሳለሁ፤ እናወራለን፤ ስለ ተራ ነገር። ከዚያ መደወሉ እየሳሳ ሄዶ ቀረ። ሊቀ መንበሩ በሹም ሽር ሲነሱ እሱም አብሮ እንደወጣና አባቱ ሱቅ እንደገባ ሰማሁ። ቆይቶም ማግባቱን ሰማሁ። እኔ አዳማ ቲቸርን ልጠይቅ ስሄድ ስለ እሱ አንስተውብኝ አያውቁም፤ ግን እሱም ሌላ ቀን እንደሚመጣ እህታቸው ነግራኛለች። እንዳንገናኝ ቀን ይለዩልን ነበር።

የተገናኘነው ቲቸር ሲሞቱ ነው። ቀብሩ ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ የድሮ ተማሪዎች ቤተ ክርስቲያኑን ሞልተውት ነበር። እሱ ከባለቤቱ ጋር ነው የመጣው። ቆንጆ ናት፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ ጥቁር ሻርፕ ለብሳለች። "አብረን እንሠራ ነበር" ብሎ አስተዋወቀን። እውነት ነው፤ አብረን እንሠራ ነበር።

ሴቲቱ ደግ ነች። ወደ አዲስ አበባ አውቶቡስ ልፈልግ መሆኔን ስትሰማ፣ "ቦታ እያለን?" ብላ ክንዴን ይዛ የአባቱ ቪትዝ መኪና ውስጥ ከኋላ አስገባችኝ። የፍጥነት መንገዱ ላይ እንደወጣን እንቅልፍ ወሰዳት። ራሷ ወደ መስኮቱ ሲያዘነብል እሱ አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ሻርፑን አጣጥፎ ከራሷ ሥር አደረገላት። ከኋላ ሆኜ አንገቱን አያለሁ። ፀጉሩ ከኋላ መሽበት ጀምሯል።

"መንገዱ ቱሉ ዲምቱ ላይ ይዘጋጋ ይሆን?" አልኩት።

"በዚህ ሰዓት አይመስለኝም" አለኝ።

ሌላ አልተነጋገርንም። ቡልቡላ፣ እኛ ብሎክ ፊት ለፊት አቆመልኝ። እሷ ነቅታ ሳመችኝ፤ ወልዳ ስትነሳ እንድጠይቃት አስማለችኝ። እሱ ከመኪናው ሳይወርድ "ቻው" አለኝ። "ቻው" አልኩት።

በሩን የከፈተልኝ አባቴ ነው። ጥቁር ልብሴን አየና፣ "የሞቱት እኚያ መምህርት ናቸው?" አለኝ። አዎ ብዬ ነገርኩት። ሶፋው ላይ አስቀምጦኝ ውሃ አመጣልኝ፣ ቴሌቪዥኑን ዘጋው፣ አጠገቤ ተቀመጠ። አለቀስኩ። ለቲቸር ነበር፤ ለእሳቸው ብቻ ግን አልነበረም። አባቴ ምንም ሳይጠይቀኝ፣ "አልቅሺ ልጄ፣ ጥሩ ሰው ነበሩ" እያለ እስኪመሽ ድረስ አብሮኝ ተቀመጠ።